ባለ 500 ዋት ፕሮብ ሶኒኬተር በቂሊንጦ ከፍታ፦ ለናኖፓርቲክል ይገዛል፣ ለምግብ ድርብ ኢመልሽን ግን አይደለም

ይህ ግምገማ የሚመለከተው በ20 ኪሎኸርዝ የሚሠራውን፣ 500 ዋት የተጻፈበትንና ከ3፣ ከ6 እና ከ13 ሚሊ ሜትር የታይታኒየም ጫፎች ጋር የሚመጣውን የጠረጴዛ ፕሮብ ሶኒኬተር ነው፤ ፈሳሽ ውስጥ የተነከረ የብረት ጫፍ እያንቀጠቀጠ ጠብታን የሚያደቅቅ መሣሪያ ማለት ነው። በዚህ መደብ የሚሸጡት ማሽኖች የፋብሪካ ስማቸው ቢለያይም አሠራራቸው አንድ ነው፤ ስለዚህ የምንመዝነው ዓይነቱን እንጂ ብራንዱን አይደለም። የምንመዝነውም ከቱሉ ዲምቱ እስከ ቂሊንጦና ገላን ባለው የአዲስ አበባ ዳርቻ ለሚሠራ ላቦራቶሪ ነው። ይህ የቦታ ጉዳይ ብዙ ገዢ ያልጠበቀውን ለውጥ ያመጣል።

ፍርዱን አስቀድመን እንናገር። የፖሊመር ናኖፓርቲክል (በናኖሜትር የሚለካ ደቃቅ ቅንጣት) ለመሥራትና በውስጡ ውሃ ውስጥ የሚሟሟ መድኃኒት ወይም ፕሮቲን ለማቀፍ ማሽኑ ዋጋውን ያወጣል። ለእርጎ፣ ለጁስ ወይም ለቅባት የሚሆን ድርብ ኢመልሽን ብቻ ለሚፈልግ ሰው ግን ትርፍ ወጪ ነው፤ ሁለተኛውን ደረጃ ከማገዝ ይልቅ ያበላሸዋል። እዚያ ላይ ሮተር ስታተር ሆሞጂናይዘር (በሚሽከረከር ምላጭ የሚቀላቅል ማሽን) ይበልጠዋል፤ ዝርዝሩ ወረድ ብሎ አለ።

ድርብ ኢመልሽን ማለት በዘይት ጠብታ ሆድ ውስጥ ሌላ የውሃ ጠብታ አድሮ፣ ዘይቱ ደግሞ ራሱ በውሃ ውስጥ ሲንሳፈፍ ነው። ዊሊያም ሲፍሪዝ በፈረንጆች 1925 ገልጾታል። በዘይቱ ፋንታ ፖሊመር የተሟሟበት ማሟሚያ ገብቶ ማሟሚያው ሲተን ፖሊመሩ ደርቆ ይቀራል፤ ውስጠኛው ውሃ የያዘውም አብሮ ይታሰራል። በ1989 በአሜሪካ የተፈቀደው ሉፕሮን ዴፖ የሚባለው መርፌ በዚሁ መንገድ የተሠራ የማይክሮን ቅንጣት ነው። ናኖ ለማድረግ የሚጨመረው ኃይል ነው፤ ሶኒኬተሩ የሚገባውም እዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያ ሊታወቅ የሚገባው የከፍታው ነገር ነው። የማሽኑ መመሪያ የተጻፈው ለባሕር ጠረፍ አየር ነው። ቂሊንጦ ከባሕር ወለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ስለሆነ የአየር ግፊቱ ከጠረፉ በሩብ ገደማ ያንሳል። በዚህ ሥራ በብዛት የሚጠቀሙበት ዳይክሎሮሜቴን በጠረፍ በ40 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይፈላል፤ እዚህ ግን በ32 እና በ33 ዲግሪ መካከል። ሶኒኬተር ደግሞ ጉልበቱ በሙሉ በመጨረሻ ሙቀት የሚሆን መሣሪያ ነው። ከ20 ዲግሪ የተነሳ 2 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ያለ በረዶ ቢመታ በሰኮንዶች ውስጥ መፍያው ላይ ይደርሳል። ሲፈላ ማሟሚያው ያመልጣል፣ ፖሊመሩ ጫፉ ላይ እንደ ሙጫ ይጋገራል፣ የአረፋው ድምፅም ይለወጣል፤ ከሹል ጩኸት ወደ ደፍዳፋ ድምፅ ይወርዳል። ያንን ድምፅ የሰማ ሰው ወዲያው ማቆም አለበት፤ ከዚያ በኋላ የሚወጣው ናሙና ትልቅና ትንሽ ቅንጣት የተቀላቀለበት ነው።

ስለዚህ በመመሪያው ላይ ያለው «ያለማቋረጥ 60 ሰኮንድ» እዚህ አይሠራም። 2 ሰኮንድ ሥራ፣ 3 ሰኮንድ ዕረፍት አድርጉ። ቱቦው በረዶና ውሃ በተቀላቀለበት ቢከር ውስጥ እስከ ፈሳሹ ደረጃ ይጠለቅ። የበረዶ ክምችት ብቻውን አይበቃም፤ በበረዶ ድንጋዮች መካከል ያለው አየር ሙቀት አያስተላልፍምና ውሃው የግድ ነው። በረዶው ላይ ጨው መጨመር ያቀዘቅዛል፣ ነገር ግን ውስጠኛውን ውሃ ሊያረጋው ስለሚችል አንመክረውም።

ከዚህ ማሽን ጋር ጥሩ የሚሰጠው የፒኤልጂኤ (ከላክቲክና ከግላይኮሊክ አሲድ የተሠራ፣ በሰውነት ውስጥ የሚፈርስ ፖሊመር) አሠራር ይህ ነው። 100 ሚሊ ግራም ፒኤልጂኤ 50 ለ50፣ ጫፉ አሲድ የሆነውን፣ በ2 ሚሊ ሊትር ዳይክሎሮሜቴን አሟሙ። የፖሊመሩ ጠርሙስ ከፍሪዘር ወጥቶ ሳይሞቅ አይከፈት፤ በተለይ በክረምት ጤዛ ይይዝና ውሃው ፖሊመሩን ከውስጥ ይበላዋል። 0.2 ሚሊ ሊትር ውስጠኛ ውሃ፣ በሚሊ ሊትር ከ10 እስከ 20 ሚሊ ግራም ፕሮቲን የያዘ፣ በጠብታ ጨምሩ። በ3 ሚሊ ሜትሩ ጫፍ፣ ከ30 እስከ 40 በመቶ አምፕሊቲዩድ (የጫፉ የንቅጥቅጥ ስፋት)፣ የሥራው ጊዜ ብቻ ተቆጥሮ 30 ሰኮንድ ምቱ። 3 ሚሊ ሜትሩን ከ40 በመቶ በላይ መግፋት ብዙ አምራቾች ይከለክላሉ፤ ቀጭን ስለሆነ ይሰነጠቃል። የመጀመሪያው ኢመልሽን ወተት መስሎ ወጥ መሆን አለበት። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ከላይ የውሃ ንጣፍ ከለየ ደግሞ አልተሠራም ማለት ነው፤ ወደ ሁለተኛው ደረጃ አትለፉ።

ከዚያ ይህንን በ8 ሚሊ ሊትር 2 በመቶ ፒቪኤ (ፖሊቪኒል አልኮሆል፣ ጠብታዎቹ እንዳይዋሃዱ የሚጠብቅ) ላይ አፍስሱና በ6 ሚሊ ሜትሩ ጫፍ፣ በ40 በመቶ፣ የሥራው ጊዜ 2 ደቂቃ እስኪሞላ በዚያው ምት ምቱ። በመጨረሻ በ40 ሚሊ ሊትር 0.3 በመቶ ፒቪኤ ላይ ጨምሩና በፊዩም ሁድ (ትነት በሚስብ የላቦራቶሪ ሳጥን) ውስጥ ክዳን ሳይኖረው ለ3 ወይም ለ4 ሰዓት በማግኔቲክ ስተረር አማስሉ። እዚህ ላይ ከፍታው ይጠቅማል፤ ማሟሚያው ከጠረፍ ይልቅ ቶሎ ይወጣል። ማሞቅ ግን አይገባም። የፒኤልጂኤ የመለስለሻ ሙቀት ደረቅ ሳለ ከ45 እስከ 50 ዲግሪ ነው፤ ውሃና ማሟሚያ ሲጠጣ በጣም ይወርዳል፣ ቅንጣቶቹም እርስ በርስ ይጣበቃሉ። በዚህ መንገድ ከ200 እስከ 350 ናኖሜትር፣ የመጠን ስርጭት መለኪያው (ፒዲአይ) ከ0.2 በታች ማግኘት የማሽኑ መደበኛ ውጤት ነው።

ፒቪኤውን በተመለከተ አንድ ማሳሰቢያ አለ። 88 በመቶ ሃይድሮላይዝድ የሆነውን ግዙ፤ 98 በመቶው በክፍል ሙቀት በቀላሉ አይሟሟም፣ ገጽ ላይም ደካማ ነው። ዱቄቱን በቀዝቃዛ ውሃ ላይ እያማሰላችሁ ነስንሱና ከዚያ ወደ 85 ዲግሪ አሙቁ። በሙቅ ውሃ ላይ ከጨመራችሁት ውጪው በስሎ ውስጡ ደረቅ የሆነ፣ እንዳልታሸ ገንፎ የቋጠረ ጓል ይሆናል። እዚህ ውሃ በ93 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ 95 ዲግሪ የሚል መመሪያ ካያችሁ አትጠብቁት፤ 85 ላይ አንድ ሰዓት ይበቃል። የተነነውን ውሃ በሚዛን መልሳችሁ ሙሉና በ0.45 ማይክሮን ማጣሪያ አሳልፉ። ውሃው የተጣራ ይሁን። የጉድጓድ ውሃ ካልሲየም ስለሚይዝ አሲድ ጫፍ ያላቸውን ቅንጣቶች ያያይዛል።

ዳይክሎሮሜቴን ካስቸገራችሁ ኢታይል አሲቴት አለ። በዚህ ከፍታ በ70 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ለሶኒኬተሩ በጣም ይመቻል። በመድኃኒት ውስጥ የሚፈቀደው ቅሪቱም ሰፋ ያለ ነው፤ በዓለም አቀፉ የቅሪት ማሟሚያ መመሪያ ዳይክሎሮሜቴን በ600 ፒፒኤም የታጠረ ሲሆን ኢታይል አሲቴት እስከ 5,000 ይፈቀዳል። ችግሩ ውሃ ውስጥ 8 በመቶ ያህል መሟሟቱ ነው። ባልተዘጋጀ ፒቪኤ ላይ ካፈሰሳችሁት ማሟሚያው ወዲያው ወደ ውሃው ይሸሻል፣ ፖሊመሩም ጠብታ ሳይሆን ክር ሆኖ ይረጋል። መፍትሔው ፒቪኤውን አስቀድሞ በኢታይል አሲቴት ማጥገብ ነው፤ ትንሽ ትርፍ ጨምራችሁ ነቅንቁ፣ ከላይ የተንሳፈፈውን ጣሉ። ከሁለተኛው ምት በኋላ በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ ላይ በአንድ ጊዜ አፍስሱት። ኢታይል አሲቴት እንደሚቀጣጠል አትርሱ፤ የማሽኑ የኃይል ሳጥን ከሁዱ ውጪ ይቀመጥ።

ወደ ማሽኑ እንመለስ። ገዢ ሊጠይቀው የሚገባ ቁልፍ ነገር ጫፉ ወጥ (ከአንድ ብረት የተሠራ) ነው ወይስ በጥርስ የሚፈታ የሚለው ነው። የሚፈታው ርካሽ ይመስላል፤ ሲበላ መቀየሪያው ብቻ ይገዛልና። ነገር ግን እንደ ዳይክሎሮሜቴን ያለ ማሟሚያ በጥርሱ መካከል ሰርጎ ይገባል። ከዚያ ግንኙነቱ ይላላል፣ ማሽኑ ሬዞናንሱን (ጫፉ ከማሽኑ ሞገድ ጋር እኩል የሚንቀጠቀጥበትን ስምምነት) ያጣል፣ ማስጠንቀቂያ እያበራ ይቆማል፤ የሰረገው ፈሳሽም ወደ ቀጣዩ ናሙና ይወጣል። ለኦርጋኒክ ማሟሚያ ወጥ ጫፍ ብቻ። ይህ በካታሎግ ላይ በትንሽ ፊደል ስለሚጻፍ ብዙ ግዢ በዚህ ይበላሻል።

ጫፉ ራሱ አላቂ ዕቃ ነው። ታይታኒየሙ በካቪቴሽን (በደቃቅ አረፋዎች መፈንዳት) እየተቦረቦረ ግራጫ ዱቄት ይጥላል። አዲስ ጫፍ እንደ መስታወት ያበራል፤ ሲያረጅ መጀመሪያ ይደበዝዛል፣ ከዚያ በጣት የሚዳሰስ ጉድጓድ ያወጣል። ናሙናው ከሴንትሪፉጅ በኋላ ከታች ግራጫ ነጥብ ካሳየ ወይም የመጠን መለኪያው ከዋናው ቀጥሎ በማይክሮን ሰፈር ትንሽ ጉብታ ካወጣ ጫፉን እዩ። በጣም በደቀቀ የብርጭቆ ወረቀት ቀለል አድርጎ ማለስለስ ይቻላል፤ ርዝመቱ ሲያጥር ግን ሬዞናንሱ ስለሚሸሽ ከአንድና ከሁለት ጊዜ በላይ አያዋጣም። በትዕዛዝ የሚመጣ ዕቃ ስለሆነ መለዋወጫ ጫፍ ከማሽኑ ጋር አብሮ ይገዛ።

«500 ዋት» የሚለው ጽሑፍ አቅምን እንጂ ወደ ናሙናው የሚገባውን አይናገርም። እውነተኛውን ለማወቅ 50 ግራም ውሃ በፎም በተጠቀለለ ቢከር አድርጉ፣ በምትጠቀሙበት አምፕሊቲዩድ 60 ሰኮንድ ያለ ዕረፍት ምቱ፣ የሙቀቱን ጭማሪ ለኩ። ጭማሪው 6 ዲግሪ ከሆነ፣ 50 ሲባዛ በ4.18 ሲባዛ በ6፣ ለ60 ሲካፈል፣ 21 ዋት ያህል ነው። ይህን ቁጥር በማሽኑ ላይ ለጥፉት፤ በየወሩም ድገሙት። ከ10 በመቶ በላይ ከወረደ ጫፉ ወይም ማያያዣው ችግር አለበት። «40 በመቶ አምፕሊቲዩድ» ብሎ የሚጽፍ ጽሑፍ ሁሉ ከማሽን ማሽን ስለሚለያይ፣ ውጤት ለመድገም የሚረዳው ይህ የዋት ቁጥር ነው።

ስለ መብራት፦ ማሽኑ ከ220 ቮልት ሲወርድ አምፕሊቲዩዱን ራሱ ለመጠበቅ ይሞክራል። በጣም ሲወርድ ግን በመሃል ይቆማል፤ በመሃል የቆመ ሁለተኛ ደረጃ ደግሞ አይመለስም፣ ጠብታዎቹ እየተዋሃዱ ይቆያሉና። ስታቢላይዘር የግድ ነው። 1 ኪሎ ቮልት አምፒር ዩፒኤስ ካለ አንድ ሙሉ ዙር ያስጨርሳል። ድምፁም ቀላል አይደለም፤ ዋናው 20 ኪሎኸርዝ ባይሰማም ግማሹ የሆነው 10 ኪሎኸርዝ በግልጽ ይሰማል፣ ጆሮንም ይጎዳል። የድምፅ ሳጥኑ በአማራጭነት የሚሸጥ ከሆነ አትተዉት። ጓንትም አስቡ፤ ተራው ናይትራይል ዳይክሎሮሜቴንን ከአንድ ወይም ከሁለት ደቂቃ በላይ አያግድም፣ ከፈሰሰበት ወዲያው ይቀየር። ቱቦው ብርጭቆ ይሁን፤ ፖሊስታይሪን ይሟሟል፣ ፖሊፕሮፒሊንም ያብጣል።

አሁን ማሽኑ ወደማይሆንበት ሥራ እንለፍ። በምግብ ድርብ ኢመልሽን የሚፈለገው የውጪ ጠብታ ከ10 እስከ 20 ማይክሮን ነው፤ በሆዱ የማይክሮን ወይም ከዚያ ያነሱ ብዙ የውሃ ጠብታዎችን መያዝ አለበትና። በሁለተኛው ደረጃ ሶኒኬተር ካስገባችሁ የውጪው ጠብታ ከውስጠኛው ያንሳል፣ ውስጠኛው ውሃ ይፈነዳና ከውጪው ይቀላቀላል። የሚቀረው ተራ ዘይት በውሃ ነው፤ ነጭ ሆኖ ያማረ ይመስላል፣ ውስጡ ግን ባዶ ነው። ይህን ስሕተት ዓይን አያየውም፣ ለዚህ ነው የሚደጋገመው።

ለዚህ ሥራ ሮተር ስታተር ይዛችሁ እንዲህ ሥሩ። 70 ግራም ኑግ ወይም ሱፍ ዘይት ላይ 3 ግራም ያህል ፒጂፒአር፣ በምግብ መለያው ኢ476 የሚባለውን በዘይት የሚሟሟ ገጽ ያዥ፣ በ50 ዲግሪ አሟሙ። 30 ግራም ውስጠኛ ውሃ፣ 0.6 በመቶ ጨው ያለው፣ ቀስ ብላችሁ እያፈሰሳችሁ በደቂቃ ከ12,000 እስከ 15,000 ዙር ለ5 ደቂቃ ምቱ። አቀዝቅዙ። ከዚህ 25 ግራም ወስዳችሁ በ75 ግራም ውጪያዊ ውሃ ላይ በደቂቃ ከ3,000 እስከ 4,000 ዙር ከ1 እስከ 2 ደቂቃ ብቻ አዋሕዱ። ማሽኑ ያለውን ጉልበት ለመጠቀም ያለው ጉጉት ሥራውን የሚያጠፋው እዚህች ደቂቃ ላይ ነው።

ለውጪው ውሃ የግራር ሙጫን ከልብ እንመክራለን። ከቦረና እና ከመተማ በኩል የሚመጣው የአካሺያ ሴኔጋል ሙጫ እዚሁ ያለ፣ በምግብ የተፈቀደ ገጽ ያዥ ነው። 10 በመቶ አድርጋችሁ በክፍል ሙቀት አሟሙ፣ ሌሊቱን አሳድሩ፣ ቅርፊቱንና አሸዋውን በጨርቅ ከዚያም በወረቀት አጥሩ። ከዕጣን ጋር ተደባልቆ የመጣ ከረጢት እንዳይሰጣችሁ አሽትቱ፤ የዕጣን ሙጫ ዘይታማ ስለሆነ ሙሉ በሙሉ አይሟሟም። ትዊን 80 (ውሃ ወዳድ ገጽ ያዥ) መጠቀም ከፈለጋችሁ 1 በመቶ አትለፉ። ትርፍ ትዊን ወደ ዘይቱ ገብቶ ፒጂፒአሩን ከውስጠኛው ጠብታ ገጽ እየነጠቀ ያስወጣዋል።

ጨው ለምን ገባ? ውስጠኛዎቹን ጠብታዎች ከመሟሸሽ የሚጠብቃቸው እሱ ነው። ውስጡ ባዶ ውሃ ከሆነ ትንንሾቹ ጠብታዎች በገጽ ግፊት ውሃቸውን ለትልልቆቹ እየሰጡ ይጠፋሉ፤ ጨው ሲኖር ይህ ይገታል። ነገር ግን ውጪው ባዶ ሆኖ ውስጡ ጨዋማ ከሆነ ውሃ ወደ ውስጥ ይስባል፣ ጠብታው እንደ ተነፋ ፊኛ አብጦ ይፈነዳል። ስለዚህ በውጪውም የሚመጣጠን ስኳር ወይም ጨው አድርጉ። 0.6 በመቶ ጨው 0.1 ሞላር ሲሆን ለሁለት አየን ስለሚከፈል ለማመጣጠን 0.2 ሞላር ስኳር ያስፈልጋል፤ በሊትር 68 ግራም ነው። ይህ ለፒኤልጂኤውም ይሠራል፤ የውስጡ ውሃ ባፈር ከሆነ ውጪው ተራ ውሃ መሆን የለበትም።

ውጤቱን ለመፈተሽ ውድ መሣሪያ አይጠበቅም። ውስጠኛው ውሃ ላይ ሰማያዊ የምግብ ቀለም ጨምሩ፤ ከሥራው በኋላ ዘይቱን በዝግታ ሴንትሪፉጅ ወደ ላይ አስወጡና የታችኛውን ውሃ በ630 ናኖሜትር በስፔክትሮፎቶሜትር ለኩ። የወጣው ቀለም ያልታቀፈው ነው። በማይክሮስኮፕ 100 ኤክስ ሌንስ ደግሞ የጠብታው ሆድ ጥራጥሬ መስሎ ሲታይ ድርብ ነው፤ ጥርት ያለ ከሆነ ተራ ነው። ለናኖፓርቲክል፣ የተበረዘው ናሙና በብርሃን ፊት ሰማያዊ ጭላንጭል ካሳየ ትንሽ ነው፣ እንደ ኖራ ከነጣ ትልቅ ነው። በ500 ጂ (የመሬት ስበት 500 እጥፍ) 5 ደቂቃ ዞሮ ግልጽ ደለል ካስቀመጠ ደግሞ እርስ በርስ የተጣበቀ ቅንጣት አለ ማለት ነው።

ማጠብን በተመለከተ፣ ያላችሁን ሴንትሪፉጅ አይታችሁ የቅንጣቱን መጠን ወስኑ። በ12,000 ጂ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ለ200 ናኖሜትር ይበቃል። በደቂቃ 4,000 ዙር ብቻ የሚዞር የጤና ጣቢያ ዓይነት ማሽን ካላችሁ ግን 200 ናኖሜትሩ በአንድ ሰዓትም ሙሉ በሙሉ አይወርድም፤ ያን ጊዜ አምፕሊቲዩዱን ቀንሳችሁ ወደ 400 ናኖሜትር ብትጠጉ ወይም በዳያሊሲስ ቱቦ ብታጥቡ ይሻላል። ከሦስት እጥበት በኋላ በ5 በመቶ ትሬሃሎዝ (ቅንጣቱን በማድረቅ ጊዜ የሚጠብቅ ስኳር) ላይ በትኑ፣ አርጉ፣ በፍሪዝ ድራየር 48 ሰዓት አድርቁ። ትሬሃሎዙ ከተረሳ የደረቀው ቅንጣት ተመልሶ አይበተንም። መብራት በማድረቅ መሃል ከጠፋና የረጋው ከቀለጠ ናሙናው ተደፍጥጦ ይጣበቃል፤ የዚህ መከላከያ ጄኔሬተር ነው፣ ሌላ የለም። ሳይደርቅ በ4 ዲግሪ ማቆየት ለቀናት እንጂ ለወራት አይሆንም፤ ፖሊመሩ በውሃ ውስጥ ቀስ እያለ ይሰበራል፣ የሚሰብረውም ራሱ የሚያወጣው አሲድ ነው።

ለማቀፍ የምትፈልጉት ነገር ውሃ የማይወድ ከሆነ፣ ለምሳሌ ኩርኩሚን፣ ይህን ማሽን ጨርሶ አትግዙ። 50 ሚሊ ግራም ፒኤልጂኤ እና 5 ሚሊ ግራም ኩርኩሚን በ5 ሚሊ ሊትር አሴቶን አሟሙና በሚማሰል 15 ሚሊ ሊትር 0.5 በመቶ ፒቪኤ ላይ በመርፌ አንጠባጥቡ፤ አሴቶኑ ሲተን ከ200 ናኖሜትር በታች የሆነ ቅንጣት ይቀራል። የሚያስፈልገው ስተረርና መርፌ ብቻ ነው። ትንሽ ሞለኪውል የሆነ ውሃ ወዳድ መድኃኒት ደግሞ በሶኒኬተርም ብዙ ጊዜ ከ20 በመቶ በታች ነው የሚታቀፈው፤ የናኖ ጠብታ ግድግዳ ስስ ስለሆነ ማሟሚያው ሳይወጣ መድኃኒቱ ያመልጣል። ያንን ማሽኑ ላይ አታሳብቡ።

የመታጠቢያ ገንዳ ዓይነቱ ሶኒኬተር በዋጋ ያጓጓል፤ ለመነጽርና ለብርጭቆ ማጠቢያ ነው፣ ለዚህ ሥራ ኃይሉ ተበትኖ ይጠፋል። ከሻጭ ጋር ስትነጋገሩ ማሽኑ ተከፍቶ በእናንተ ፊት በ50 ግራም ውሃ በቴርሞሜትር ይለካ፤ ወጥ የሆነ 6 ሚሊ ሜትር ጫፍ በዝርዝሩ ላይ በጽሑፍ ይግባ፤ የ3 ሚሊ ሜትሩ ጫፍ ሁለት ይሁን፣ መጀመሪያ የሚሰነጠቀው እሱ ነውና።